መጀመሪያ ፌስታሉን አሸንፉ

እናቴ ሐኪም ቤት ስትሄድ ነጠላዋን ትረሳ ይሆናል እንጂ ፌስታሏን አትረሳም። ጥቁር ፌስታል ነው፤ አንድ ጆሮው ተበጥሶ በሲባጎ ተቋጥሯል። ውስጡ የአሥራ ስምንት ዓመት ሕመሟ አለ። ቀለሙ የለቀቀ የላብራቶሪ ወረቀት፣ ሁለት የራጅ ፊልም፣ መታጠፊያው ላይ የተቀደደ የሪፈር ወረቀት፣ ስሙ እንዳይጠፋባት ብላ ያስቀመጠችው ባዶ የመድኃኒት ካርቶን። ከሁሉም ላይ፣ በቀላሉ እንድትወጣ ሆና፣ አንዲት ቁራጭ ካርቶን አለች። በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ትላለች።

ያቺ ቁራጭ ካርቶን ታሪክ አላት። እናቴ ለዓመታት የተከታተለችበት አንድ የመንግሥት ሆስፒታል አለ፤ ስሙ ይቆየን። አንድ ጊዜ መርፌ ተወግታ ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ፣ ሐኪሙ ካርዷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልልቁ ጽፎላት ነበር። ከዓመታት በኋላ ሳል ጠንቶባት ይዣት ሄድኩ። ከካርድ ክፍሉ መስኮት ጀርባ ያለው ልጅ ሄደ፣ ቆየ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«እማማ፣ ካርዱ ጠፍቷል። አዲስ ያውጡ።»

«የኔ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ እኮ ያለሁት እኔ ነኝ» አለችው።

ልጁ ክፉ አይደለም። ከኋላው ጣሪያ የነካ መደርደሪያ ይታየኛል፤ መደርደሪያው አልበቃ ብሎ ወለሉ ላይ እንደ ጭድ የተከመረ ካርድ አለ። ከፊቱ ደግሞ መስኮቱን በክርኑ የሚደበድብ ሕዝብ። አዲስ ካርድ ወጣ፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ባዶ። እናቴ በ67 ዓመቷ ደም ግፊት ይዟት የማያውቅ፣ መርፌ ጥሏት የማያውቅ አዲስ ሴት ሆና ተወለደች። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ትሑትም ነበር። «አለርጂ አለብዎት?» ብሎ ጠየቃት። «የለብኝም» አለችው። አልዋሸችም፤ አለርጂ የሚባል በሽታ ሰምታ አታውቅም። እሷ መርፌ ነው የማይስማማት። ማዘዣው ላይ «ክሪስታላይን» የሚል ያየሁት መድኃኒት ቤቱ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። ተራዬ ሲደርስ «ይሄ ፔኒሲሊን አይደለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ። ነው።

እንግዲህ የሕክምና መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ይግባ ሲባል ከማንም በፊት ማጨብጨብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አጨብጭቤያለሁም። አሁን ጭብጨባዬን መልሱልኝ ለማለት ነው የምጽፈው።

ሆስፒታሉ «ከወረቀት ነፃ» ሆነ ተባለ። በሩ ላይ ባነር ተሰቀለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ የእንግዶቹ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ። በወሩ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ከወረቀት ነፃ በሆነው ሆስፒታል ውስጥ ወረቀት ያልነካ ሰው አላየሁም። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል፤ ዞር ብሎ ደግሞ ያንኑ ካርዱ ላይ ይጽፋል። «ሲስተሙ ቢጠፋስ ብዬ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ከጎኑ ያለችው ነርስ የጠረጴዛውን ግማሽ የሚሸፍን መዝገብ ዘርግታ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የበሽታ ዓይነት እያለች በማስመሪያ መስመር ትሞላለች። ሪፖርት የሚሠራው ከእሱ ነው። አንዱ ሳል ሦስት ጊዜ ተጻፈ። ሳሏን ግን የሰማ የለም፤ ሐኪሙ ያዳመጠው ስክሪኑን ነው። የላብራቶሪው ውጤት በኮምፒውተር ይደርሳል ተብለን ጠበቅን፣ ሳይደርስ ሲቀር ሄጄ አሳትሜ አመጣሁ። እናቴ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ፌስታሏ ውስጥ ከተተችው።

ሦስቴ ጻፍ የተባለን ሐኪም «ለውጥ አይወድም» ብሎ መውቀስ ይቻላል። በየስብሰባው ይኸው ነው የሚባለው፤ የባለሙያው አመለካከት ነው ችግሩ፣ ሥልጠና ያስፈልጋል። እኔ የምለው፣ ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ የተሰለፈ በሽተኛ ያለበትን ሰው አንድ ሥራ ሦስት ጊዜ ሥራ ብሎ ያዘዘው አለቃ ነው ሥልጠና የሚያስፈልገው።

ይህ የመጀመሪያ ሙከራችን ቢሆን «ጀማሪ ነው፣ ይማራል» ብዬ ዝም ባልኩ። አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስማርትኬር የሚባል ሲስተም መጥቶልን ነበር። ዛምቢያ ውስጥ በአሜሪካ ድጋፍ የተሠራ ነው፤ እዚህ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከቱሌን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ አስገባው። ድሬዳዋ ከቀዳሚዎቹ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2015 በአምስት ሆስፒታሎች ባለሙያዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ፤ ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሲስተሙ እንዳልረኩ ተናገሩ። ያን የሰማ አለ? ስማርትኬር ውሎ አድሮ የሁሉም በሽተኛ መዝገብ መሆኑ ቀርቶ በአብዛኛው የኤችአይቪ ሕክምና ክፍል ዕቃ ሆነ። ከዚያ በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤናው ዘርፍ ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ መጣ። ዲኤችአይኤስ 2 መጣ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት የሚሠራው ኢሲኤችአይኤስ መጣ። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ባህምኒ የሚባል የሕክምና መዝገብ ሲስተም መጣ። ስማቸውን ለመያዝ ራሱ ሲስተም ያስፈልጋል። አንዱ አብዮት ሬሳው ሳይወጣ ሌላው ይታወጃል፤ የሞተው በምን እንደሞተ የሚመረምር ግን የለም። ሆስፒታል ለሲስተም አስከሬን ምርመራ አያደርግም መሰለኝ።

ከእነዚህ ሁሉ ሥር የሰደደው የትኛው እንደሆነ ልብ በሉ። ወደ ላይ ቁጥር የሚያደርሰው ነው። ዲኤችአይኤስ 2 በ2010 ዓ.ም. ግድም አገር አቀፍ ሆኖ ተዘረጋ፤ ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት ጤና ጣቢያ ወለደች፣ ወባ የት ተነሳ የሚለው ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በወረዳና በክልል አልፎ ሚኒስቴሩ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ወረርሽኝ ያለ ቁጥር አይያዝም። ግን እናቴ እዚያ ውስጥ የለችም። አንድ ድምር ውስጥ አንድ ሆና ገብታ ቀልጣለች። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ድምሩ አያውቅም፣ ሊያውቅም አልተሠራም። ቁጥሯ ከወረዳ እስከ ሚኒስቴሩ ድረስ ዳገቱን ይወጣል፤ መዝገቧ ግን ከሰፈሯ ጤና ጣቢያ ተነስቶ ሁለት ታክሲ የሚያስኬደውን ሆስፒታል መድረስ አልቻለም። እዚያ የሚያደርሰው ያው ፌስታሉ ነው።

ንዴቴ ይኸው ነው። ብዙ ቦታ ያየሁት ኮምፒውተር የተገዛው ለአለቃ እንጂ ለበሽተኛ አይደለም። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጽፎ ይሄዳል፤ ማታ አንዲት የመረጃ ሠራተኛ የካርድ ክምር ተደግፋ ያንን ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። በማግሥቱ ሐኪሙ በሽተኛውን ሲያይ ኮምፒውተሩን አይከፍተውም። የተጻፈው ለመቆጠር ነዋ! ለመታከም አይደለም።

ስሟንስ በትክክል የሚጽፍላት ማን ነው? ወርቅነሽ ትባላለች እንበል። ሲስተሙ እንግሊዝኛ ነው የሚያነበው፤ ስለዚህ ወርቅነሽ በላቲን ፊደል ትጻፋለች። የዛሬው ጸሐፊ ከ«ወ» ቀጥሎ አንድ አናባቢ ይሰካል፣ የነገው ሌላ። «ቅ»ን አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል። የልደት ቀን ሲባል «የጣልያን ጊዜ አባቴ…» ብሎ የሚጀምር ሕዝብ ነን፤ ዕድሜ በግምት ይሞላል፣ አንዴ 65፣ አንዴ 70። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትፈለግ የለችም። «እማማ፣ ሲስተሙ ላይ የሉም። አዲስ እንመዝግብዎት።» ድሮ ካርዷ ነበር የሚጠፋው፤ አሁን ራሷ ጠፋች። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ይህን ከፈታው ሰማዩን ይስጠው። ከጤና ኬላ እስከ ጥቁር አንበሳ የሚከተላት አንድ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ቢኖራት እኔ ነኝ እልል የምለው። ብቻ ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት በር ላይ «ፋይዳ አለሽ?» እንዳትባል ከወዲሁ በመመሪያ ይጻፍልኝ፤ ጥበቃዎቻችንን አውቃቸዋለሁ።

መብራቱስ? «ሲስተም የለም» የምትለዋን ቃል ከባንክ፣ ከቴሌ፣ ከክፍለ ከተማ ተምረናታል። ባንክ ሲስተም ከሌለው ነገ ትመለሳለህ። ምጥ ነገ አይመለስም። ደግሞ መብራትና ኔትወርክ በራሱ የሚጠፋ ብቻ አይደለም፤ የሚያጠፉትም አለ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ አብዛኛው ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔት ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆየ። የሕክምና መዝገባችንን በአንድ ትእዛዝ በሚቆረጥ ገመድ ላይ ልንሰቅለው ከሆነ፣ ገመዱ ሲቆረጥ ሲስተሙ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል ወይ? ሲመለስስ በመሃል የተጻፈውን ራሱ ያስተላልፋል ወይ? በምርቃት ላይ ይህን የጠየቀ ጋዜጠኛ አላየሁም። እኔም እዚያው ቆሜ ዳቦ እየበላሁ ነበር።

«ድህነት ነው» የሚል አይጠፋም። እንግሊዝ ደሃ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2002 የመላ አገሪቱን የሕክምና መዝገብ በኮምፒውተር አደርጋለሁ ብላ ተነሳች። ከለንደን ሆነው ለሁሉም ሆስፒታል አንድ ልክ ልብስ ሰፉ፤ የሚለብሱት ሐኪሞች ግን በወጉ አልተለኩም። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት ራሱ ፕሮግራሙን አፈረሰው፤ ወጪው ወደ 10 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ሆነ። እነሱ ቢያንስ ፓርላማቸው ቁጭ አድርጎ ጠይቋቸዋል፤ ምን ያህል ወጣ፣ ምን ተገኘበት፣ ማን ፈረመ ተባሉ። ስማርትኬር ላይ ምን ያህል እንደወጣ እዚህ ምክር ቤት ቆሞ የጠየቀ እንደራሴ ካለ እጁን ልሳም።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ደም ሰጥታ ሳትውል ሳታድር ውጤቷን ስልኳ ላይ ታያለች፤ አንዳንዴ ከሐኪሟ ቀድማ። የደግነት ጉዳይ አይደለም፣ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የአሜሪካ ሆስፒታል ያለ ሕጋዊ ምክንያት የበሽተኛን ውጤት ከራሱ ከበሽተኛው ይዞ ማቆየት አይችልም። እህቴ ትደውልና «እማዬ ፖታሲየሟ ስንት ነው?» ትለኛለች። ፌስታሉን አልጋ ላይ እገለብጣለሁ። ያገኘሁት የዓምና ነው። «የዘንድሮውስ?» ሆስፒታሉ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ እኔ ግን አላገኘውም። ገንዘቡን ለከፈለችው፣ ደሟን ለሰጠችው ሴት የማይታይ ውጤት ለማን ነው የተቀመጠው?

ከታየም ደግሞ ማን እንዳየው ይታወቅ። ኢስቶኒያ የምትባለዋ ትንሽ አገር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አገር አቀፍ መዝገብ አላት፤ ዜጋው ራሱ ገብቶ መዝገቡን የትኛው ሐኪም መቼ እንደከፈተው ያያል። ከወረቀት ነፃ በሆነው ሆስፒታላችን ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ በሰማያዊ ቢክ የይለፍ ቃሉ ተጽፏል። በክፍሉ ያሉት አራት ሰዎች በአንዱ ስም ነው የሚገቡት፤ ያ ሐኪም ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፣ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር መድቦታል። ደግ አዋጅ ነው። አዋጁን አንድ ጣት ፕላስተር አሸነፈው።

ይህን እንደ ቀላል የምታዩ ካላችሁ፣ የኤችአይቪ መድኃኒቷን ለመውሰድ ሰፈሯ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፋ ሌላ ክፍለ ከተማ የምትሄድ ሴት አውቃለሁ። የሰፈሯ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጎረቤቷ ትሠራለች። እስከ ዛሬ ያዳናት የመዝገቡ መለያየት ነው። ነገ መዝገቧ ከየትም ጤና ጣቢያ የሚከፈት ሲሆን፣ ያቺ ጎረቤት ስሟን መተየብ ብቻ ይበቃታል። ፌስታልን ግን ባለቤቱ ካልፈታው ማንም አይፈታውም።

የእነዚህ ሲስተሞች ገንዘብም በአብዛኛው የኛ አልነበረም፤ እሱንም እንናገረው። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም፣ በዚያ ገንዘብ በየጤና ተቋሙ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። አንድ መንግሥት ሌላ አገር በተፈረመ ወረቀት የጤና ተቋሙን ሠራተኛ የሚያጣ ከሆነ፣ ሲስተሙን «አገር አቀፍ» ማለት ምን ማለት ነው? ለምርቃት ባነር በጀት አለን፤ ለሰርቨር ማቀዝቀዣ፣ ለባትሪ፣ ለጥገና ባለሙያ ደሞዝ «ከአጋሮቻችን ጋር እየተነጋገርን ነው»።

ፍትሐዊ ልሁን። በደንብ የሠራበት ቦታ አለ፤ ካርድ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ይቆሙ የነበሩ ሰዎች አሁን በስልክ ቁጥራቸው ወዲያው የሚገኙበት ሆስፒታል አይቻለሁ፤ ላብራቶሪውም መድኃኒት ቤቱም የሐኪሙን ትእዛዝ እኩል ያነባል። የሐኪም እጅ ጽሑፍ ለማንበብ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ሲሰበሰብ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ያ እንዴት ያለ እፎይታ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዴት ተሳካላቸው ብዬ ስጠይቅ መልሱ አስቂኝ በሆነ መጠን ቀላል ነበር። ኃላፊዋ ሲስተሙ በተጀመረ ሳምንት የወረቀት መዝገቦቹን ሰብስባ መጋዘን ቆለፈችባቸው፣ ሪፖርቱ ከኮምፒውተሩ ይውጣ አለች። ከላይ ተቆጧት። አልከፈተችም።

የምጠይቀው ያን ነው፤ በደብዳቤ፣ በሚኒስትር ፊርማ። ኮምፒውተር በገባበት ክፍል የወረቀቱ መዝገብ በዚያው ቀን ይዘጋ። ከወረዳ እስከ ክልል «የመዝገቡን ኮፒ ላኩ» የሚል ሁሉ በሕግ ይከልከል። መዘጋት የማይችል ከሆነ፣ መብራቱ አይታመንም ከተባለ፣ እንግዲያው ሲስተሙ ገና አልደረሰምና አይመረቅ። ሁለቱንም በአንድ ላይ ማስኬድ ጥንቃቄ ይባላል፤ እኔ ግን ሁለቱም እንዳይሠሩ ማረጋገጫ ነው የምለው። ሁሉም በየራሱ ስም ይግባ፣ የገባውም ይመዝገብ፣ እናቴ በጠየቀች ጊዜ ማን እንደከፈተው ይነገራት። የካርድ ክፍሉን ልጅ ደግሞ አታባሩት። ከሰርቨሩ ይልቅ የሆስፒታሉን ሰው የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሁለቱ ወርቅነሾች አንድ መሆናቸውን ከፊታቸው የሚለየው እሱ ብቻ ነው። ወንበርና ሥልጠና ስጡት፣ ደሞዙንም ጨምሩለት።

እስከዚያው አንዲት ነገር ዛሬውኑ ይቻላል፤ ገንዘብም አጋርም አይጠይቅም። ማንኛውም በሽተኛ ከሐኪም ሲወጣ አንዲት ገጽ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በሚያነበው ቋንቋ፣ ሕመሙን፣ የሚወስደውን መድኃኒትና የማይስማማውን የሚናገር ወረቀት ታትሞ ይሰጠው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ከተባለ ማተም አያቅትም። ማተም ካቃተ ግን፣ ክቡራን፣ ውስጡ የለም ማለት ነው።

የእናቴ ቀጠሮ ለኅዳር 19 ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል። ፌስታሉ ከመኝታ ቤቷ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ትናንት ሌላኛው ጆሮው ሲበጠስ እሱንም በሲባጎ ቋጠርኩላት።